ከካርድ ሣጥን እስከ ኢንተርኔት፤ የመጻሕፍት ፍለጋ ታሪክና የተማሪው ምርምር

መግቢያ

ተማሪ አንድን ጉዳይ በራሱ መርምሮ እንዲጽፍ ማዘዝ በትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ይህ ትእዛዝ ተማሪውን ወደ ቤተ መጻሕፍት ይወስደው ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ስፍራ ወደ ኮምፒዩተር ወይም በእጁ ወደ ያዘው ስልክ ይመራዋል። ስለዚህ ለውጥ በመምህራን ዘንድ የሚሰነዘረው አስተያየት በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ኢንተርኔት የቤተ መጻሕፍትን እጥረት አስወግዷል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ተማሪውን ከንባብ አርቆ የሰው ጽሑፍ ገልባጭ አድርጎታል ሲል ያማርራል።

ለሁለቱም አስተያየቶች መነሻ የሚሆን እውነት አለ። ይሁን እንጂ ሁለቱም መሣሪያውን ያለፈ ታሪክ እንደሌለው አዲስ ነገር ይመለከቱታል። በኢንተርኔት አማካይነት ጽሑፍን መፈለግ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ የቆየ የመዝገብና የካታሎግ ሥራ የመጨረሻው ቅርንጫፍ ነው። ይህን ታሪክ ለተመለከተ ሰው፣ ለፈላጊው መሳካት ምክንያት የሆኑ ሁለት የሰው ሥራዎች በየዘመኑ ይታዩታል። የመጀመሪያው ጽሑፉን መርምሮ ደራሲውን፣ ዘመኑንና ይዘቱን የሚገልጥ መዝገብ የሚጽፈው ሰው ሥራ ነው። ሁለተኛው ፈላጊው የሚሻው ነገር በትክክል ምን እንደሆነ ጠይቆና አብራርቶ የሚመራው ሰው ሥራ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያዎቹ ሲለወጡ እነዚህ ሁለት ሥራዎች ምን እንደደረሰባቸው መግለጥና ከዚህ ተነሥቶ ለትምህርት ቤት ሥራ የሚበጀውን ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ «ዓ.ም.» የተባለው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሆን፣ «እ.ኤ.አ.» የተባለው እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው።

1. የመዝገብ ሥራ አጀማመር

መጻሕፍት በአንድ ቤት ሲበዙ የሚያስታውሳቸው የጠባቂው አእምሮ ብቻ ሊሆን አይችልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ይህ ችግር ስለገጠመው፣ ካሊማኮስ የተባለው የቀሬና ሰው «ፒናኬስ» በሚል ስም የሚታወቀውን መዝገብ አዘጋጀ። በኋላ ዘመን የተጻፉ ምንጮች መዝገቡ 120 ጥቅልሎች እንደነበሩት ያመለክታሉ። ካሊማኮስ ጸሐፊዎችን በሥራቸው ዓይነት ከፋፍሎ የእያንዳንዱን ሕይወትና የጽሑፉን መነሻ ቃላት በአጭሩ መዝግቦ ነበር። መዝገቡ የመጻሕፍት ስም ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ስለ መጻሕፍቱ የተሰጠ መግለጫም ነበር ማለት ነው።

በኢትዮጵያም የአብያተ ክርስቲያናትና የገዳማት ሀብት፣ መጻሕፍትም ጭምር፣ በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ተዘርዝሮ የመጻፉ ልማድ ጥንታዊ ነው። በዕቃ ቤት ያለውን መጽሐፍ ቁጥርና ስም የሚያመለክተው ይህ ዝርዝር ዋና ዓላማው ንብረትን መጠበቅ ነበር። ሆኖም ዛሬ የታሪክ ተመራማሪ አንድ መጽሐፍ በአንድ ዘመን በየትኛው ደብር ይገኝ እንደነበር የሚረዳው በዚሁ ነው።

በግእዝ የተጻፉ መጻሕፍት በዘመናዊ ካታሎግ መልክ መመዝገብ የጀመሩት ግን በአብዛኛው ከአገር ውጭ ነው። ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በብሪቲሽ ሙዚየም የነበሩትን እ.ኤ.አ. በ1847፣ በኦክስፎርድ የነበሩትን ደግሞ በ1848 መዝግቦ አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል ወደ 350 የሚጠጉት ብሪቲሽ ሙዚየም ስለገቡ፣ ዊልያም ራይት አዲስ ካታሎግ አዘጋጅቶ በ1877 አወጣ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ኢትዮጵያዊ ሳያያቸው የቀሩ የአገር መጻሕፍት በለንደን በገጽ ብዛታቸውና በይዘታቸው ተገልጠው ለተመራማሪዎች ዝግጁ ሆኑ።

በአገር ውስጥ ይህን ሥራ በማተሚያ ቤት ከጀመሩት ሰዎች መካከል ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ይገኛሉ። እርሳቸው በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ በ1920 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳትመዋል። ደራሲ፣ ዲፕሎማትና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ጊዜያቸውን ለመጻሕፍት ዝርዝር መስጠታቸው፣ አንድ ሕዝብ ያለውን ጽሑፍ ካላወቀ በጽሑፉ ሊጠቀም እንደማይችል መረዳታቸውን ያሳያል። ስለ እርሳቸው ከዚህ በታች ተመልሰን እንናገራለን።

2. የካርድ ካታሎግ ዘመን

በመጽሐፍ መልክ የተጠረዘ ካታሎግ አንድ ችግር አለበት። አዲስ መጽሐፍ በመጣ ቁጥር በተራው ለማስገባት ቦታ አይገኝም። የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት ከቤተ ክርስቲያንና ከመኳንንት የወረሳቸውን መጻሕፍት ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1791 ባወጣው ደንብ የመጫወቻ ካርታዎች ጀርባ እንዲጻፍበት አዘዘ። ካርድ ከካርድ መካከል ሊገባ፣ ሊወጣና እንደገና ሊደረደር ስለሚችል ችግሩ በዚህ ተቃለለ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ በካርዱ ላይ ምን ይጻፍ የሚል ነበር። በብሪቲሽ ሙዚየም አንቶኒዮ ፓኒዚ የመሩት ቡድን እ.ኤ.አ. በ1841 ያሳተማቸው 91 ደንቦች አንድ ደራሲ በልዩ ልዩ ስም ቢጠራ በየትኛው ይመዝገብ የሚለውን የመሳሰሉ ጥያቄዎች ለመወሰን የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1876 በአሜሪካ ሁለት ተጨማሪ ሥራዎች ታዩ። ሜልቪል ዱዪ ዕውቀትን በ10 ዋና ክፍሎች የሚመድበውን የቁጥር ሥርዓት አሳተመ፤ ቻርልስ ካተርም የካታሎግ ደንቡን አወጣ። ካተር እንዳስረዳው ካታሎግ አንድ ሰው የደራሲውን ስም፣ የመጽሐፉን ርእስ ወይም ጉዳዩን ብቻ ቢያውቅ መጽሐፉን እንዲያገኝ ማስቻል አለበት። ተማሪ ዛሬም በኮምፒዩተር ካታሎግ ፊት ሲቀመጥ የሚቀርቡለት ሦስት አማራጮች እነዚሁ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የታተሙ ካርዶችን ለሌሎች ቤተ መጻሕፍት መሸጥ ጀመረ። በዋሺንግተን አንድ ጊዜ የተጻፈው መግለጫ በሩቅ ከተማ ባለ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ሣጥን ውስጥ ሊገባ ቻለ። ይህም በሌላ ስፍራ የተሠራን የመግለጫ ሥራ በጋራ የመጠቀም ልማድ መጀመሪያ ነው። በኢትዮጵያም በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት በዚሁ የካርድ ሥርዓት ሲያገለግሉ የኖሩ ናቸው። በካርዱ ሣጥን አጠገብ የተቀመጠው ባለሙያ ተማሪውን «ስለ ምን ትጽፋለህ? የትኛውን ዘመን? እስካሁን ምን አነበብህ?» ብሎ መጠየቁ የሥራው አንዱ ክፍል ነበር።

3. ካታሎግ ወደ ኮምፒዩተር መግባቱ

ሄንሪየት አቭራም የተባሉት ባለሙያ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የጀመሩት ሥራ የካርዱን ጽሑፍ ኮምፒዩተር እንዲያነበው የሚያደርግ ነበር። «ማርክ» በመባል የሚታወቀው ይህ ሥርዓት ለደራሲው፣ ለርእሱ፣ ለኅትመቱ ዓመትና ለጉዳዩ ለየብቻ ምልክት ይሰጣል። ኮምፒዩተሩ የትኛው ቃል ስም፣ የትኛው ርእስ መሆኑን የሚያውቀው ሰው አስቀድሞ ምልክት ስላደረገበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሃዮ 54 ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች አንድ የጋራ ማእከል አቋቋሙ። በነሐሴ 1971 እ.ኤ.አ. ደግሞ በስልክ መስመር የተያያዘው የጋራ ካታሎግ ሥራ ጀመረ። ኦ.ሲ.ኤል.ሲ. የሚባለው ይህ ድርጅት ለቤተ መጻሕፍት ካርድ ማተሙን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሆን፣ እስከዚያ ድረስ ያተማቸው ካርዶች ወደ 1.9 ቢሊዮን ይደርሳሉ። ኮምፒዩተር ከመጣ በኋላም ካርድ ከአርባ ዓመታት በላይ አብሮ መቆየቱ አዲስ መሣሪያ አሮጌውን በአንድ ቀን እንደማይሽረው ያሳያል።

ለትምህርት ሥራ በተለየ የሚጠቀሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ የትምህርት ቢሮ የተቋቋመው «ኤሪክ» የተባለው የትምህርት ጥናቶች ማሰባሰቢያ ነው። ለኅትመት ያልበቁ ጥናቶችን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ አጭር መግለጫና የጉዳይ ቃላት እያዘጋጀ፣ ሙሉ ጽሑፎቹን በማይክሮፊሽ ያሠራጭ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ይህ የመረጃ ስብስብ በስልክ መስመር በኮምፒዩተር የሚጠየቅ ሆነ።

በዚያ ዘመን የነበረው የአሠራር ልማድ ልዩ ትኩረት የሚሻ ነው። የኮምፒዩተሩ ጊዜ በደቂቃ ስለሚከፈልበት ተማሪውም ሆነ ተመራማሪው በመሣሪያው ራሱ አይፈልግም ነበር። ፍለጋውን የሚያካሂደው የሠለጠነ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሲሆን፣ መስመሩን ከመክፈቱ በፊት ጠያቂውን አስቀምጦ በዝርዝር ያነጋግረዋል። የትኞቹ ቃላት እንደሚመረጡ፣ ምን ምን እንደሚቀር፣ ስንት ጽሑፍ እንደሚበቃ አስቀድሞ በወረቀት ይወሰናል። ይህ ልማድ የመጣው ገንዘብ ለመቆጠብ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂው ጥያቄውን እንዲያጠራ ያስገድደው ስለነበር ትምህርታዊ ጥቅሙ ከቁጠባው የሚያንስ አልነበረም።

4. የብራና መጻሕፍት ጉዞ

የመግለጫ ሥራ ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ ለማሳየት ከኢትዮጵያ ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1973 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤትና በሁለት የአሜሪካ ተቋማት ትብብር፣ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየገዳማቱ የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። የፊልሙ አንድ ቅጂ በኢትዮጵያ ሲቀር፣ ሌላው በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና መጻሕፍት ቤት ይላክ ነበር። በዚህ መንገድ ከ8 ሺህ በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተዋል።

ሆኖም ፊልም ብቻውን የተዘጋ መጽሐፍ ነው። ምን እንደያዘ የሚናገር መዝገብ ከሌለው ፈላጊው ሺህ ጥቅልሎችን አንድ በአንድ ማየት ይኖርበታል። የመጀመሪያውን የካታሎግ ቅጽ ዊልያም ማኮምበር እ.ኤ.አ. በ1975 ካወጡ በኋላ፣ በኋላ ወደ ኮሌጅቪል የሄዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሥራውን ለረጅም ዓመታት መርተውታል። መጽሐፉን ገጽ በገጽ ማንበብ፣ የጻፈውንና ያስጻፈውን ሰው ስም መለየት፣ በየትኛው ንጉሥ ዘመን እንደተጻፈ ከማስታወሻው ማውጣት፣ በኅዳግና በባዶ ገጽ የተጻፈውን የርስትና የስጦታ ጽሑፍ መመዝገብ የዚህ ሥራ ክፍሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 በወጡት 10 ቅጾች የተገለጡት እስከ 5000 ቁጥር ያሉት ናቸው። ፎቶግራፍ ማንሣቱ ይቀድማል፤ የሰው አእምሮ የሚጠይቀው መግለጫ ግን በዝግታ ይከተላል።

ከእነዚህ ፊልሞች ብዙዎቹ በኋላ ወደ ዲጂታል መልክ ተለውጠው ከነመግለጫቸው በኢንተርኔት ወጥተዋል። በጎንደር ወይም በደሴ ያለ ተማሪ፣ መስመር ካገኘ፣ ከአገሩ ደብር የተነሣ የብራና መጽሐፍ ምስል ከፍቶ ሊያይ ይችላል። ሊያገኘው የቻለው ግን አንድ ሊቅ አስቀድሞ አንብቦ ስሙን ስለጻፈለት ነው።

5. ኢንተርኔት ለሁሉም ሲከፈት

በጄኔቭ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማእከል ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 ያቀረቡት ሐሳብ የድረ ገጽ ሥርዓትን አስገኘ። ማእከሉም በሚያዝያ 1993 እ.ኤ.አ. ሥርዓቱ ለማንም ያለ ክፍያ እንዲሆን ፈቀደ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ማእከል በስልክ መስመር የኢ-ሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅት በኩል የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

ለአማርኛ ከሁሉ የሚበልጠው እርምጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዚያ ዓመት የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒዩተር የፊደላት ሰንጠረዥ፣ በዩኒኮድ፣ ውስጥ ገባ። ከዚያ በፊት በአንድ ኮምፒዩተር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ስለነበር በአማርኛ መፈለግ ፈጽሞ የሚታሰብ አልነበረም።

በዚህ ዘመን የተከፈቱት የምርምር በሮች ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው ጄስቶር የቆዩ የምርምር መጽሔቶችን በኢንተርኔት ሲያቀርብ፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ሲያሳትመው የኖረው መጽሔትም ከእነዚህ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት «ሂናሪ» የተባለውን፣ በ2003 ደግሞ የምግብና የእርሻ ድርጅት «አጎራ» የተባለውን ፕሮግራም ጀምረው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ በሆነ አገሮች ያሉ ተቋማት የጤናና የእርሻ መጽሔቶችን በነፃ ወይም በትንሽ ክፍያ እንዲያነቡ አስችለዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመመረቂያ ጽሑፎችን በዲጂታል ማኅደሩ አቅርቧል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ1998፣ ዊኪፔዲያ በ2001፣ የጉግል የምሁራን ጽሑፎች መፈለጊያ በ2004 ተከፈቱ።

ይሁን እንጂ ፍለጋው በነፃና በማንም እጅ ሲሆን በቁጠባ ምክንያት የኖረው ጠያቂ ባለሙያ ከመካከል ወጣ። ተማሪው አሁን ጥያቄውን ሳያጠራ አንድ ቃል ጽፎ በሴኮንድ ውስጥ ሺህ መልስ ያገኛል። መልሶቹ የሚደረደሩትም ለትምህርቱ በሚኖራቸው ዋጋ ሳይሆን መፈለጊያው በሚከተለው የራሱ ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ ለጥያቄ በቀጥታ ድርሰት ጽፈው የሚመልሱ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች በሰፊው ተሠራጭተዋል። እነዚህ ፕሮግራሞች አንዳንድ ጊዜ የሌለ መጽሐፍ ስምና የሌለ ደራሲ እንደ ምንጭ ይጠቅሳሉ። ተማሪው መዝገብ ማንበብ የማያውቅ ከሆነ እውነተኛውን ምንጭ ከሐሰተኛው ሊለይ አይችልም።

6. ምሳሌ፤ ኅሩይን መፈለግ

ከላይ የተባለው በክፍል ውስጥ ምን መልክ እንደሚኖረው ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወትና ሥራ እንዲጽፍ ታዘዘ እንበል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ፊደሉ ነው። በአማርኛ አንድ ድምፅ ያላቸው ሆሄያት በኮምፒዩተሩ ዘንድ የተለያዩ ናቸው። «ኅሩይ» በኅ፣ በሕ ወይም በህ፣ «ሥላሴ» በሥ ወይም በስ ሊጻፍ ይችላል፤ «ወልደ ሥላሴ» ደግሞ ተለያይቶ ወይም ተያይዞ ይጻፋል። ይህ ብቻ 12 የተለያዩ አጻጻፎችን ይሰጣል። ሆሄያቱን አንድ አድርጎ እንዲያይ ያልተዘጋጀ መፈለጊያ ከ12ቱ ለአንዱ ብቻ መልስ ይሰጣል።

ሁለተኛው እንቅፋት የላቲን ፊደል ነው። በውጭ አገር ካታሎጎች ስሙ «ሄሩይ» ወይም «ሂሩይ»፣ «ዋልዳ» ወይም «ወልደ»፣ «ሰላሴ» ወይም «ስላሴ» ተብሎ እንደሚነበብ ሆኖ በልዩ ልዩ ፊደላት ተጽፎ ይገኛል። ከዚህም በላይ የኢትዮጵያ ስም የቤተሰብ ስም እንደሌለው የማያውቅ መዝጋቢ የአባትን ስም ወይም የመጨረሻውን ክፍል አስቀድሞ ሊመዘግብ ይችላል። ስለሆነም ተማሪው በራሱ ስም፣ በአባት ስምና በመጨረሻው ቃል መፈለግ ይኖርበታል።

ሦስተኛው እንቅፋት አቆጣጠሩ ነው። በ1920 ዓ.ም. የታተመው ካታሎግ በውጭ መዝገብ 1927 ወይም 1928 ተብሎ ሊገኝ ይችላል። የዐድዋ ጦርነትም በአንዱ ገጽ የካቲት 23 ቀን 1888፣ በሌላው ማርች 1 ቀን 1896 ተብሎ ስለሚነበብ፣ ያልተማረ ተማሪ ሁለት ጦርነት የተደረገ ሊመስለው ይችላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት መሆኑን አስቀድሞ ማስረዳት ይገባል።

እነዚህን ሦስት ነገሮች ያልተማረ ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ ምንም ሳያገኝ ይቀራል፤ ወይም ሁለትና ሦስት አጫጭር ገጾች ያገኛል። ከዚህም «ስለዚህ ሰው የተጻፈ ነገር የለም» ብሎ ይደመድማል። ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። የአገሩን መጻሕፍት ለመዘርዘር የደከመ ሰው ራሱ ከዝርዝሩ የጠፋ ይመስለዋል። ስለ ወረዳው፣ ስለ ደብሩ ወይም ስለ ቋንቋው ሲፈልግም እንዲሁ ቢሆንበት፣ የእርሱ ወገን ታሪክ ያልተጻፈ ነው ወደሚል የተሳሳተ እምነት ይደርሳል። ይህ እምነት ከአንድ የቤት ሥራ ውጤት በላይ አብሮት ይኖራል።

7. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በተግባር ሲታይ እንደሚከተለው ነው።

ሀ) የጠያቂውን ሥራ መምህሩ ይረከበው። የምርምር ሥራ በተሰጠበት ሳምንት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያለ ኮምፒዩተር ቢካሄድ መልካም ነው። ተማሪው ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጽፋል። ቀጥሎ የሚፈልግባቸውን የአማርኛ ቃላት ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው፣ የእንግሊዝኛውን ቃላት፣ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ያሰፍራል። መምህሩ ይህን ወረቀት አይቶ ሳይፈርምበት ፍለጋ አይጀመርም።

ለ) ተማሪው ከጽሑፉ በፊት መግለጫውን ያንብብ። ማን ጻፈው፣ መቼ፣ የት ታተመ፣ ዋናው ቅጂ የት ይገኛል የሚሉት አራት ጥያቄዎች መልስ ካላገኙ ጽሑፉ በምንጭነት አይያዝ። ዊኪፔዲያ በዚህ ረገድ ጠቃሚ የሚሆነው በገጹ መጨረሻ ወደተዘረዘሩት ምንጮች የሚያደርስ በር ሆኖ ሲያገለግል ነው።

ሐ) ቢያንስ አንድ ምንጭ ከአካባቢው ይሁን። የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ወይም ከሽማግሌ የተወሰደ ቃል ሊሆን ይችላል። የዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ስለ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የጻፏቸውና በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት የተቀመጡት ጽሑፎች፣ በወረቀት ብቻ ያለ ዕውቀት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያሉ።

መ) ለፍለጋው ራሱ ማርክ ይሰጥ። ከመጨረሻው ድርሰት ጋር ተማሪው የፈለገባቸውን ቃላት፣ ያገኘውንና የጣለውን፣ የጣለበትንም ምክንያት የመዘገበበት ደብተር ቢታረም፣ ከሌላ ገልብጦ ማቅረብ ብዙም ትርፍ አይኖረውም።

ዕቅድ አውጪዎችን በተመለከተ ሦስት ነጥቦች ሊነሡ ይገባል። አንደኛ፣ ለኮምፒዩተርና ለመስመር የሚመደበው በጀት ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ከሚመደበው ጋር ተያይዞ መታቀድ አለበት። መሣሪያው ቢገባና የሚመራ ሰው ባይኖር ውጤቱ ያለ ካታሎግ እንደተቀመጠ የፊልም ጥቅልል ይሆናል። ሁለተኛ፣ መስመር በሚቋረጥበት ስፍራ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ስብስብ ይዘጋጅ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም ዊኪፔዲያንና ሌሎች ጽሑፎችን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ ለአንድ ትምህርት ቤት ማዳረስ ያስችላል። ሦስተኛ፣ በሩቅ አገር የተቀመጠ ቅጂ የአገር ውስጥ ቅጂን አይተካም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 በብሪቲሽ ላይብረሪ ላይ በኮምፒዩተር የተፈጸመው ጥቃት ዋናውን ካታሎግ እስከ ጥር 2024 ድረስ ዘግቶት ነበር፤ በኢንተርኔት ይታዩ የነበሩት የብራና መጻሕፍት ምስሎችም ከአገልግሎት ውጭ ሆነዋል። ከመቅደላ የተወሰዱትን መጻሕፍት በዚያ መንገድ ያነብ ለነበረ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ በሩ በአንድ ሌሊት ተዘጋበት ማለት ነው።

ማጠቃለያ

ከካሊማኮስ ጥቅልሎች እስከ ዛሬው መፈለጊያ ያለው ታሪክ የሚያስረዳው፣ መሣሪያው በየጊዜው የእጅን ድካም እየቀነሰ መሄዱን ነው። የካርድ ሣጥን መክፈት፣ ፊልም ማዞር፣ መስመር መጠበቅ ቀርቷል ወይም ቀንሷል። የመግለጥና የመጠየቅ ሥራ ግን አልቀነሰም። የመጀመሪያው በብዙ ቦታ ገና ያልተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ሳይዘጋጅ በተማሪው ትከሻ ላይ ወድቋል።

ትምህርት ቤቶች በሁለቱም ረገድ ድርሻ አላቸው። መምህራን ተማሪው መጠየቅን እንዲማር ሊያደርጉ ይችላሉ። ትምህርት ቤቱም በራሱ ቤተ መጻሕፍትና በአካባቢው የሚገኙትን ጽሑፎች፣ ደራሲውን፣ ዘመኑንና ጉዳዩን በትክክለኛ ፊደል ጽፎ በመመዝገብ የመግለጫውን ሥራ ሊጀምር ይችላል። ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አንድ መዝገብ፣ አንድ ብዕርና በተራ የሚመደቡ ጥቂት ተማሪዎች ናቸው። መዝገቡ ወደፊት ወደ ኮምፒዩተር ሊገባ፣ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች መዝገብ ጋር ሊያያዝ ይችላል። የኦሃዮ ኮሌጆች የጋራ ካታሎግ የተገነባው በየቤቱ ከተጻፉ መግለጫዎች መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ዕቅድ ከአቅም በላይ እንዳልሆነ ይታወቃል። እንዲህ ያለ መዝገብ በየትምህርት ቤቱ ቢጀመር፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለ ወረዳው የሚፈልግ ተማሪ በመፈለጊያው ላይ የሚያገኘው ጽሑፍ ከእርሱ በፊት የነበሩ ተማሪዎች የመዘገቡለት ይሆናል።